በተረከዟ ላይ ያለው ጥላሸት

ዳዌይ፣ የመብራቱ በዓል ባለፈ በሳምንቱ

ለእትዬ ሳን ሜ፣

ሰላምታውን ላቆየውና ይቅርታውን ላስቀድም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። መልሱን እየጀመርኩ እየቀደድኩ ነው የቆየሁት። የጠየቅሽኝን ትቼ ስለ ጤና ባወራ ያሾፍኩብሽ ይመስልብኛል፤ የጠየቅሽኝን ልመልስ ስል ደግሞ እጄ ይከብደኛል።

አዎ፣ እውነት ነው። ኒላር ግራ ተረከዟ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ጥቁር ምልክት አለባት። ይዛው ነው የተወለደችው። የነገረሽ የባለቤቴ ወንድም መሆን አለበት። ደረቅ ዓሣ ሊሸጥ በሄደበት አገር ሁሉ የቤታችንንም ወሬ አብሮ ይቸረችራል።

«ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽኝ?» ላልሽው ምን ልመልስ? አንድ ልጅሽን ቀብረሽ ዕንባሽ ሳይደርቅ፣ «እትዬ፣ ደስ ይበልሽ፣ ሲቀበር አንቺ ምልክት ያደረግሽበት እግር እኔ ቤት ተወለደ» ብዬ ልጻፍልሽ ኖሯል? ደግሞስ ልጅ ምልክት ይዞ ይወለድ የለም ወይ? የጎረቤቴ ልጅ ጀርባው ላይ ጀልባ የሚመስል ነገር አለው፤ ጀልባ ነበረ ያለው ሰው ግን አልሰማሁም።

የከፋው ምልክቱ አይደለም፤ መናገር መጀመሯ ነው። «እማዬ» ስትለኝ የኖረች ልጅ ባለፈው ክረምት ከእንቅልፏ ተነስታ «አክስቴ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። «ቱን ሊን ነኝ እኮ፣ ረሳሽኝ እንዴ?» አለች። እትዬ፣ ያንን ስም እዚህ ቤት ያነሳው ሰው የለም። ባለቤቴን ኮ ቴት ዌይን አስምዬዋለሁ። የሞተ የእህት ልጅ ስም ስድስት ዓመት ላልሞላት ሕፃን ምን ብለን እንነግራታለን?

«ታዲያ እንዴት ሆነህ እኛ ቤት መጣህ?» ብዬ ጠየቅኋት፣ እንደ ጨዋታ። «ጠፍሩ እርጥብ ነበር» አለችኝ። ቱን ሊን ከዘንባባ ዛፍ ወድቆ መሞቱን አውቃለሁ። ስለ ጠፍር ግን የሰማሁት ነገር የለም። የምታውቂው ካለ ጻፊልኝ። ወይም አትጻፊልኝ። የቱ እንደሚሻለኝ አላውቅም።

ልጅቷን ላኪልኝ ያልሽውን ግን አልችልም። እንዲህ የሚያስታውሱ ልጆች ዕድሜ የላቸውም ይላሉ እዚህ ሴቶቹ። ፈርቻለሁ።

ጤናሽ እንዴት ነው?

ዪ ሞን

&nbsp;

ታን ጎን መንደር፣ ብርዱ ሲገባ

ለትንሿ፣ ለዪ ሞን፣

እኔ እንዳንቺ ትምህርት ቤት ስላልቆየሁ ነገርን በተራው ነው የማውቀው፤ ሰላምታ ይቀድማል። ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል። የዘንባባው ስኳር ዘንድሮ ጥቁር ወጣ፣ ነጋዴዎቹ አፍንጫቸውን ይነፉበታል። በሬው እርጅና ይዞታል፣ እንደኔ ቀስ እያለ ይነጫነጫል።

ስለ ጠፍሩ። እርጥብ ነበር። ሌሊቱን ጤዛ ወርዶበት ነበር። ዛፉ ሥር ስደርስ፣ ግንዱን ለመውጣት ወገቡ ላይ ያሰረውን የፈታሁት እኔ ነኝ፣ ሰው ከመድረሱ በፊት። እርጥብ መሆኑን ከእጄ በቀር የሚያውቅ የለም። ለማንም አልተናገርኩም፤ እርጥብ ጠፍር ታጥቆ ወጣ ካልኩ ሞኝ ነበር ይሉታል። ልጄ ሞኝ አልነበረም። ደብዳቤሽን ሳነብ እዚያ ቃል ላይ ስደርስ ምድጃው አጠገብ ቁጭ አልኩ፣ ድስቱም አረረ።

ሬሳው ላይ ያደረግሁትን ታስታውሻለሽ፣ አጠገቤ ነበርሽ። ከስኳር ማፍያው ድስት ሥር ጥላሸት ጠረግ አድርጌ በአውራ ጣቴ ግራ ተረከዙ ላይ አተምኩ። ሴቶቹ ግንባሩ ላይ አድርጊው አሉኝ፣ ዳግም ተወልዶ ሲመለስ ከሩቅ እንድትለዪው። እኔ ግን ሴት ሆኖ ቢመለስስ፣ ግንባሯ ጠቁሮ ማን ያገባታል ብዬ ወደ እግሩ ወረድኩ። ይኸው፣ አርቄ በማሰቤ ማንም አላመሰገነኝም።

ወደ እኔ እንዲመለስ ነበር የፈለግሁት። የእኔ ሆድ ግን ከተዘጋ ቆይቷል። ቅርብ ያገኘው በር አንቺ ነሽ፣ ገባ። በዚህ አልተቀየምኩሽም። ለውሃው በዓል ብቻ ላኪልኝ፣ ሲያልፍ እመልስልሻለሁ። አንድ ጊዜ ልየው። አንቺ ብትሆኚ ልየው አትዪም ወይ?

ያሳደግኩሽ እህትሽ፣
ሳን ሜ

&nbsp;

ዳዌይ፣ የውሃው በዓል ሲቃረብ

እትዬ፣

ላኪያት ላኪያት ያሰኘኝ አንቺ አይደለሽም፤ እሷ ናት። በባሕሩ ዳር ስንሄድ የኮኮናት ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው አይታ ቆመች። «እንደዚህ ያለ ሰው ይወድቃል፣ አያያዙን አያውቅም» አለች፣ እንደ ሽማግሌ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ። ሰውዬው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። መነኩሴውን ብጠይቃቸው፣ የምትፈልገውን ቦታ አይታ ስትጠግብ ይለቃት ይሆናል አሉኝ። ይሆናል ነው ያሉት እንግዲህ።

ባለቤቴ ያመጣታል፤ የጀልባ ሞተር ሥራ ስለሚጠብቀው ወዲያው ይመለሳል። ከበዓሉ በኋላ እህልና ስኳር ይዘው ወደ ታች ከሚወርዱት ጋር ትልኪልኛለሽ።

ቅመም የበዛበት አትወድም። ነጎድጓድ ሲሰማ የሰው ጆሮ ይዛ ነው የምትተኛው፤ ጆሮሽን ስጫት፣ አትከልክያት። ጠዋት ፀጉሯን ከታች ወደ ላይ አበጥሪው፣ ከላይ ከጀመርሽ ትጮኻለች። ደግሞ እባክሽ እትዬ፣ በስሟ ጥሪያት። ስሟ ኒላር ነው።

ዪ ሞን

&nbsp;

ታን ጎን፣ የአዲሱ ዓመት ሰሞን

ዪ ሞን፣

እንዴት ሆነ ብለሽ ጠይቀሽኛል፤ እንደሆነው ልንገርሽ። አንዴ እሱ፣ አንዴ እሷ እላለሁ፣ ታገሺኝ።

ባለቤትሽ ከጋሪው ሳያወርዳት ዘላ ወረደች። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ «ኒላር፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አልኩ፣ እንዳዘዝሽኝ። አላየችኝም። ቀድማኝ ሄደች። አዲስ የተሠሩትን ቤቶች አልፋ፣ ወደ እኛ ግቢ ታጥፋ፣ የፊት ደጁን ትታ በጓሮ በኩል ገባች። ቱን ሊን መቼ በፊት ለፊት ገብቶ ያውቃል? ውስጥ ቆማ ማዕዘኑን አየችና፣ «እማዬ፣ አልጋዬን ማን አነሳው?» አለችኝ።

ይህን መጻፌ እንደሚያምሽ አውቃለሁ። ጠይቀሽኝ ነው።

ሰው እንደ ገበያ ጎረፈ። ጎረቤቴ ዶ ፕዋ፣ ያቺ ምላሷ የማያርፍ አሮጊት፣ ወገቧን ይዛ፣ «እሺ አንተ ዱርዬ፣ የማንጎ ዛፌን ቅርንጫፍ ማን ነው የሰበረው?» አለችው።

«አንቺ ነሻ፣ ተደግፈሽበት» አላት።

ሰው በሳቅ ወደቀ። ዶ ፕዋ ግን ፊቷ ነጣ። ቱን ሊን ያኔም ይህንኑ ነበር የመለሰላት፣ ሁለቱ ብቻቸውን እያሉ።

ቱን ሊን ዛፍ ላይ ይዞት ይወጣ የነበረውን ቢላ ከሌሎች ቢላዎች ጋር ቀላቅዬ ምንጣፍ ላይ ዘረጋሁት። አዲሶቹን አልነካም። እጀታው የተሰነጠቀውን አንስቶ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረና፣ «አደንዝዛችሁታል» ብሎ ተቆጣ። በሬው ደግሞ ለሰው የማይነሳው ሰነፍ፣ ተነስቶ መጥቶ ጭንቅላቱን ሆዷ ላይ አስደገፈ። ትንሿ እጅ የት እንደምታከው ታውቃለች።

ዪ ሞን፣ ደስታ ሰውን እንዲህ እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር። ስትተኛ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። እስትንፋሱ እንኳ አይመስልም። ቱን ሊን ያንኮራፋ ነበር። ይህችኛዋ እንደ ጫጩት ናት። ዓይኗን ስትገልጥ ግን እሱ ነው።

ስኳር የሚያወርዱት ሰዎች ሄደዋል። ትንሽ ብትቆይ ምን አለበት? መንገዱ አሸዋ ነው፣ ሙቀቱም ገና አልበረደም።

ሳን ሜ

&nbsp;

ዳዌይ፣ ዝናቡ በጀመረ ሰሞን

እትዬ ሳን ሜ፣

መጨረሻ የላክሽልኝን አነበብኩ። ፀጉሯን የቆረጥሽው ሙቀቱ አስቸግሯት ነው አልሽ። የወንድ ሽርጥ ያለበስሻት ቀሚሷ ታጥቦ ስላልደረቀ ነው አልሽ። በታን ጎን ሙቀት ቀሚስ ለመድረቅ ስንት ወር ይፈጃል? እንደ እኔ ያለችን ልብስ ሰፊ እንዲህ አይዋሿትም።

የጠየቅሁሽን ሁሉ መልሰሻል፣ አንዱን ብቻ ዘለሽዋል። ስለ እኔ ትጠይቃለች ወይ? በድጋሚ እጠይቅሻለሁ። ስለ እኔ ትጠይቃለች?

እሺ፣ ቢላውን አወቀች። በሬውን አወቀች። ዶ ፕዋንም አሳፈረች፣ እሷን ማሳፈር ቢያስፈልግም። ሰውን ሰው የሚያደርገው እንዲህ ያለ ነገር ማወቁ ከሆነ፣ የስፌት መኪናዬን እግር ይዛ መራመድ የተማረችው ልጅ ማን ናት? ቁልፍ ውጣ ሌሊቱን ሙሉ ያስለቀሰችን ማን ናት? እሷስ የት ሄደች? አንቺ ልጅሽ ሲሞት ሬሳ ነበረሽ፣ ጥላሸት የምታደርጊበት እግር ነበረሽ። የእኔ ልጅ በቁሟ እየተወሰደች ነው፣ ምልክት የማደርግበት ቦታ እንኳ የለኝም።

ባለቤቴ እንዳይመጣ ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ወስዶታል። ሲጠገን ይመጣል። እስከዚያ በስሟ ጥሪያት። ለምኜሻለሁ እኮ።

ዪ ሞን

&nbsp;

ታን ጎን፣ መነኮሳቱ ለክረምት ሱባዔ በገቡ ማግስት

ዪ ሞን፣

ስለ አንቺ አትጠይቅም። እንድዋሽሽ ፈልገሽ ከሆነ ልዋሽሽ እችላለሁ፣ አልፈልግም እንጂ።

በስሟም ጠራኋት። ከኋላዋ ሆኜ «ኒላር» አልኩ። ማን እንደተጠራ ለማየት ግራና ቀኝ ዞር ዞር አለች፣ ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች። ደገምኩት። «ያቺ ልጅ እዚህ የለችም» አለችኝ። ቃሏ ይኸው ነው።

«ወደ ዳዌይ መሄድ አትፈልግም?» ብዬም ጠይቄዋለሁ፤ አልጠየቅሽም እንዳትዪኝ። «ምን ልሠራ? ቤቴ ገባሁ አይደል?» ነው መልሱ።

ዛፍ እንዳይወጣ መሰላሎቹን ሁሉ አንስቼ ጣሪያ ላይ ሰቅያለሁ። ግንዶቹን እየዞረ ይዳብሳል። «ያልጨረስኩት አለኝ» ይላል። ምኑን እንዳልጨረሰ አይነግረኝም።

ዶ ፕዋ፣ ዕንቁላሉን አብያት ትለኛለች። ዶሮ ከጎጆዋ ውጭ ጥላው የረሳችውን ዕንቁላል የበላ ልጅ ያስታወሰውን ሁሉ እንደሚረሳ አንቺም ታውቂያለሽ፤ እናታችን ለጎረቤት ልጅ ስታደርግ አይተናል። አፏን ትያዝ ብያታለሁ። አንድ ጊዜ ቀብሬዋለሁ፣ ይበቃኛል።

አትጥዪኝ። ብትጠዪኝም አልፈርድብሽም።

ሳን ሜ

&nbsp;

ዳዌይ፣ ዝናቡ ሲበረታ

እትዬ፣

ሰላምታ የለኝም። አንድ ነገር ነው የምነግርሽ።

ኒላር ያለ ወሯ ተወለደች ብለን ነበር። አይደለም። ወሯን ጠብቃ ነው የተወለደችው። ቱን ሊን ሲሞት፣ ለቀብሩ ስመጣ፣ አርግዣት ነበር። እርጉዝ ሬሳ አጠገብ አትቁም ስለሚባል፣ እንዳታባርሪኝ ብዬ ነው ያልተናገርኩት። ለባለቤቴም የነገርኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው።

እንግዲህ አንቺው አስቢው። ነፍስ ሰው ያለበት ሆድ አትገባም፤ ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ቱን ሊን ገና በሕይወት እያለ፣ ዛፉ ላይ እየወጣ እየወረደ፣ እሷ እዚህ ነበረች። ምልክቱ የማንም ልጅ ምልክት ነው። የምትናገረውን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ ልጅ ብዙ ነገር ይሰማል። ልጅሽ ግን አይደለችም። የእኔ ናት።

ድልድዩ ተጠግኗል። ባለቤቴ ሊመጣ ነው።

ዪ ሞን

&nbsp;

ታን ጎን፣ መነኮሳቱ ከክረምት ሱባዔ ሊወጡ ሲሉ

ለዪ ሞን፣

ይህን የሚሰጥሽ ባለቤትሽ ነው። ልጅሽን አቅፈሽ፣ አብልተሽ፣ አስተኝተሽ ስታበቂ አንብቢው። ቀድመሽ እንዳትከፍቺው ብያለሁ፤ መቼም አትሰሚኝም።

የጻፍሽልኝ ውሸት ነው። ቀብሩ ባለፈ ሰሞን፣ ቤቱ በለቀስተኛ እንደተሞላ፣ የወር አበባሽ መጥቶ ጨርቅ ስጪኝ ብለሽኛል። እንግዳ እንዳያይብሽ አፍረሽ ነበር። አጥቤ ጓሮ አጥር ላይ ያሰጣሁልሽ እኔ ነኝ። አንቺ ረስተሽዋል። እኔ ከዚያን ሰሞን የረሳሁት ነገር የለም።

ተናደድኩ። ደብዳቤውን ይዤ ለዶ ፕዋ ላነብላት ተነሳሁ፣ ደጃፉ ላይ ስደርስ ግን ተመለስኩ። ቁጭ ብዬ አንቺን አሰብኩ። ውሸት ሆኖልሽ አያውቅም። ልጅ ሆነሽ ስኳር ሰርቀሽ አፍሽን ሳትጠርጊ ነበር «አልበላሁም» የምትዪኝ። አንቺ ተቀምጠሽ፣ በገዛ ማህፀንሽ እንዲህ ያለ ውሸት ከጻፍሽ፣ ምን ያህል ብትፈሪ ነው? እኔ እንደዚያ የፈራሁት ወደ ዛፉ የሮጥኩ ቀን ነው። አሳዘንሽኝ። እንደዚያም ሆኖ ልመልስልሽ አልቆረጥኩም ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ ስኳር እያፈላሁ ሳለ ጩኸት ሰማሁ። የጎረቤት መሰላል ጎትታ የግቢያችን ጫፍ ላይ ያለው ዘንባባ ላይ ወጥታለች። መሰላሉ የሚያልቅበትን አልፋ ግንዱን አቅፋ ተሰቅላለች። ወደ ላይም ወደ ታችም አትልም። «እማዬ! እማዬ!» ትላለች።

«አለሁልህ ልጄ፣ እዚሁ ነኝ፣ እጅህን እንዳትለቅ!» አልኩ።

ወደ ታች አየችኝ። «አንቺን አይደለም!» ብላ ጮኸች። «እማዬን ጥሪልኝ! ኒላር ዛፍ ላይ ናት በያት!»

የዶ ፕዋ ባል ወጥቶ አወረዳት። እግሯ መሬት ሲረግጥ ወዲያው እሱ ሆነ፣ «ማን ፈራ? እኔ አልፈራሁም» እያለ ዕንባዋን ይጠርጋል። ሰው ሁሉ ሳቀበት፣ ተጨበጨበለት። እኔ ግን ሰምቼ ነበር።

አንድ ነገር እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ። ቱን ሊን ነው የመጣው። ቢላው፣ በሬው፣ ጠፍሩ፣ ሁሉም እውነት ነው፤ ዛሬም አምናለሁ፣ መነኩሴው ቢነግሩኝም አልክድም። ነገር ግን ሞት ሲያያት የጠራችው ሌላ እናት ነው። ያቺ «የለችም» የተባለችው ልጅ እዚያ ውስጥ ሆና ስትሰማኝ ኖራለች። እሱ እየፈረጠመ በሄደ ቁጥር እሷ መጮህ ትተዋለች። እኔ ደግሞ ስኳርም ሩዝም እያበላሁ የማፈረጥመው እሱን ነው። የሰው ልጅ በቤቴ ውስጥ እየሞተች እንደሆነ ገባኝ፣ ሬሳዋም እየሮጠ ይጫወታል። ያንን አንቺ ቀድመሽ ጽፈሽልኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላነበብኩት።

ዶ ፕዋ ቤት ሄድኩ። ዕንቁላሉን ከሽንብራ ማሳው ዳር አገኘችልኝ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከበላው ወዲያ መልሺልኝ አይባልም።»

«ሐሳቤን ሳልለውጥ ስጪኝ» አልኳት።

ቀቅዬ ጨው ስነሰንስበት፣ «በስኳር አድርጊልኝ እንጂ፣ እንደ ድሮው» አለኝ። በስኳር አደረግሁለት። ቁጭ ብሎ እግሩን እያወዛወዘ በላ። የመጨረሻዋን ሳጎርሰው በስሙ ጠራሁት። «አቤት» አለኝ። ከዚያ ዋጠ።

ጠዋት ስነሳ ቀድማኝ ተነስታ ራሷን ትዳብሳለች። «አክስቴ፣ ፀጉሬን ማን ነው የቆረጠው? እማዬ ትቆጣኛለች እኮ» ብላ ማልቀስ ጀመረች። አባበልኳት። በዚያው ሰሞን ዝናብ ሲያንጎዳጉድ ጆሮዬን ያዘች። በሬው መጥቶ ሲያሸታት ፈርታ ኋላዬ ተደበቀች፤ እሱ ገና አልገባውም፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

በዓመት አንዴ ደህና ናት ብለሽ ጻፊልኝ። ቁመቷን፣ ትምህርቷን፣ የምታጠፋውን ጥፋት። ስለ እሱ ግን ምንም አትጻፊልኝ፤ አንድ ቀን አንድ ነገር ብትል እንኳ ዝም በይ።

ዛሬ ባለቤትሽ ዕቃውን ጋሪው ላይ ሲጭን፣ ለመንገድ ፀሐዩ እንዳይበላት ፊቷን እየቀባኋት ነበር። ጉንጯን ይዤ ትንሽ ሳልቆይ አልቀረሁም፤ ትኩር ብላ አየችኝ።

«አክስቴ፣ አንቺ ልጅ የለሽም?»

«የለኝም» አልኳት።

አመነችኝ።